ከጨረር ሕክምና በኋላ የማይቆም ተቅማጥ፦ ሁሉም አሜባ፣ ሁሉም ኪንታሮት አይደለም

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። እናቴ 54 ዓመቷ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ለማህፀን በር ካንሰር አዲስ አበባ ጨረር ታክማለች። 25 ጊዜ ከውጭ፣ ከዚያ ደግሞ በውስጥ የሚገባው ተሰጥቷታል። በየሳምንቱ ሲስፕላቲን የሚባል ኬሞም ነበራት። ካንሰሩ ጠፍቷል ተብለን ደስታችንን ሳንጨርስ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሆዷ ተበላሸ። በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ሽንት ቤት ትሄዳለች። ሌሊትም ትነሳለች። ድንገት ያጣድፋታል፤ አንዳንዴ ሳትደርስ ያመልጣታል። ሆዷ ይነፋል። አልፎ አልፎ ደም ታያለች። ክሊኒክ ስንሄድ አሜባ ነው እያሉ ፍላጂል ያዙላታል። ሲሰጧት ይሻላታል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይመለሳል። አንድ ቦታ ደግሞ ኪንታሮት ነው፣ ይቆረጥ አሉን። ለጨጓራዋ ኦሜፕራዞል ትወስዳለች። አሁን ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትታለች፤ ታክሲ መሳፈር ትፈራለች። ካንሰሩ ተመልሶ ይሆን? ዱባይ በኦክስጅን ያክማሉ የሚባለውስ? ቤተሰቡ ገንዘብ ለማዋጣት እየተነጋገረ ነው። ልጃቸው፣ ከአዳማ።»

እህቴ፣ ከምትፈሪው ልጀምር። ካንሰሩ ተመልሶ እንደሆነና እንዳልሆነ እናትሽን ሳላያቸው መናገር አልችልም። የካንሰር ሐኪማቸውም የአንጀት ሐኪምም ሊያዩአቸው ይገባል። ግን የጻፍሽው ታሪክ ወደ ሌላ ነገር ያደላል። ጨረሩ ካለቀ ከአንድ ዓመት በኋላ ቀስ ብሎ መጣ። ሦስት ዓመት ቆየ። አንዴ ሻል ይላል፣ አንዴ ይብሳል። ጨረር አንጀት ላይ የሚተወው የቆየ ጉዳት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚመጣው። ደግሞም ይታከማል። «ጨረር የወሰደ ሰው እንዲህ ነው፣ ቻይው» የሚለውን መልስ እኔ አልቀበለውም።

ምን ሆኖ ነው? የማህፀን በር የት እንዳለ አስቢ። ከፊቱ የሽንት ፊኛ አለ። ከኋላው ተጠግቶ የትልቁ አንጀት መጨረሻ፣ የፊንጢጣው ክፍል አለ። ከላይ ደግሞ የቀጭኑ አንጀት ጫፍ ወደ ዳሌ ውስጥ ይወርዳል። ጨረሩ ካንሰሩን ሲመታ እነዚህም የየድርሻቸውን ይቀበላሉ። በሕክምናው ሰሞን የሚመጣው ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። የአሁኑ ሌላ ነው። የአንጀቱ ትንንሽ የደም ሥሮች ግድግዳ ቀስ በቀስ ይወፍራል፤ ቀዳዳቸው ይጠባል። ደም በደንብ ያልደረሰው ክፍል ይጠነክራል፤ እንደ ድሮው መለጠጥ ያቅተዋል። ሰውነት ለማካካስ ብሎ ላዩ ላይ ቀጫጭን አዳዲስ የደም ሥሮች ያበቅላል። እነሱ ስስ ስለሆኑ ሰገራ ሲነካቸው ይደማሉ። ይህ ሁሉ ወራት ይፈጃል። ሰው «ዳንኩ» ብሎ ከተረጋጋ በኋላ የሚጀምረውም ለዚህ ነው። አንዳንዱ ላይ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ይመጣል።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ራጅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። በ1897 ጨረር ሆድ ዕቃን እንደሚጎዳ በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ተጽፏል። ዛሬ ከዳሌ ጨረር በኋላ ግማሽ ያህሉ ታካሚ የሆዱ ጠባይ ኑሮውን እንደነካው ይናገራል። ሲጠየቅ ነው ታዲያ። ካልተጠየቀ ዝም ይላል። ስለ ሰገራ ማውራት ያሳፍራል። «ከካንሰር ተርፌ በዚህ ላማርር?» የሚሉም ብዙ እናቶች አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በጨረር የተጎዳ አንጀት የሚያስቀምጠው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። ሁለት ሦስት ምክንያት አንድ ሰው ላይ ተደራርቦ ይገኛል። አንዱ በአንድ መድኃኒት ይድናል፣ ሌላው በሌላ። ስለዚህ «ለጨረር ተቅማጥ ምን መድኃኒት አለ?» ከማለት «የእናቴ ተቅማጥ ከየትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት አለ። ከዳሌ ጨረር በኋላ ሆዳቸው የተበላሸ 218 ሰዎች በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ምክር የያዘ ትንሽ መጽሐፍ ብቻ ተሰጠው። ሁለተኛውን የአንጀት ስፔሻሊስት አየው። ሦስተኛውን የሠለጠነ ነርስ አየው። ስፔሻሊስቱም ነርሱም አንድ ዓይነት መመሪያ ነው የተከተሉት። ለዚህ ምልክት ይህን መርምር፤ ይህ ከተገኘ ይህን ስጥ የሚል ነው። ከስድስት ወር በኋላ በመመሪያው የታዩት መጽሐፍ ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ ተሻሽለው ተገኙ። ነርሱ ያያቸውም ስፔሻሊስቱ ካያቸው አላነሱም። እኔ ይህን ጥናት የምወደው ለእኛ አገር የሚሆን ስለሆነ ነው። የአንጀት ስፔሻሊስት ጥቂት ነው። በቅደም ተከተል የሚጠይቅና የሚመዘግብ ነርስ ወይም ጠቅላላ ሐኪም ግን አዳማም ይገኛል።

ፍላጂሉ ላይ እንምጣ፤ ትልቁን ፍንጭ የሰጠሽኝ እሱ ላይ ነው።

እኛ አገር ሆድ ያመመው ሁሉ አሜባ አለበት ይባላል። አሜባ የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ፣ ጃርዲያም አለ። የእናትሽ ሰገራ አንድ ጊዜ በደህና ላቦራቶሪ በደንብ መታየት አለበት። ነገር ግን በሽታ የሚያመጣው አሜባና ምንም የማያደርገው ዘመዱ በማይክሮስኮፕ አንድ ዓይነት ናቸው። ቀይ የደም ሴል ውጦ ካልታየ በዓይን አይለዩም። ስለዚህ «አሜባ ታይቷል» የሚል ወረቀት ብቻውን የሦስት ዓመት ተቅማጥን አያስረዳም።

ታዲያ ፍላጂሉ ለምን አሻላቸው? ቀጭኑ አንጀት ውስጥ ብዙ ባክቴሪያ መኖር የለበትም። ጨረር ያደከመው አንጀት ግን ምግቡን ቶሎ ወደፊት አይገፋም። እዚያ ባክቴሪያ ይራባል። ምግቡን ቀድሞ ያቦካዋል። ሆድ ይነፋል፣ የሚሸት ጋዝ ይበዛል፣ ያስቀምጣል። ፍላጂል ባክቴሪያውን ሲቀንሰው ሰውየው ይሻለዋል። ሁሉም «ይኸው አሜባ ነበር» ይላል። የአንጀቱ ድካም ስላልተነካ ባክቴሪያው ተመልሶ ይራባል። እናትሽ ላይ እየሆነ ያለው ይህ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ኦሜፕራዞሉም እዚህ ይገባል። የጨጓራ አሲድ ከምግብ ጋር የሚገባውን ባክቴሪያ ይገድላል። አሲዱን ለዓመታት ስትቀንሺው ለባክቴሪያው በር ትከፍቻለሽ። እናትሽ መድኃኒቱን የሚወስዱት ቁስለት ታይቶ ነው ወይስ አንድ ጊዜ ታዞ እንዲያው ቀጥሎ ነው? ሐኪማቸውን ጠይቁ። በራሳችሁ ዛሬ አቁሙ ማለቴ አይደለም። ድንገት ሲቆም ቃር ሊብስ ይችላል። ቀስ እየተባለ ይቀነሳል።

ባክቴሪያው መራባቱን የሚያሳይ የትንፋሽ ምርመራ አለ፤ በብዙ ቦታችን ግን አይገኝም። ስለዚህ ሐኪሙ አስቦበት አንድ ዙር አንቲባዮቲክ ለሰባት ወይም ለአሥር ቀን ሊሞክር ይችላል። ሜትሮኒዳዞል (ያው ፍላጂሉ ነው)፣ ሲፕሮ ወይም ዶክሲሳይክሊን ይሆናል። ካለፈው ልዩነቱ ምዝገባው ነው። ከመጀመሩ በፊት በቀን ስንት ጊዜ? በሌሊትስ? ካለቀ በኋላስ? ምን ያህል ቆይቶ ተመለሰ? ይህ ከተጻፈ ምርመራ ሆነ ማለት ነው። ካልተጻፈ ግን ያው የለመዳችሁት ፍላጂል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሜትሮኒዳዞል ሲደጋገም የእግርና የእጅ ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። እናትሽ የወሰዱት ሲስፕላቲንም ይህንኑ ነርቭ የሚጎዳ ኬሞ ነው። እግራቸው ይደነዝዛል? ያቃጥላቸዋል? ጨርቅ የረገጡ ይመስላቸዋል? አዎ ካሉ ለሐኪሙ ሳትነግሩ ሌላ ፍላጂል እንዳይወስዱ።

ሁለተኛው የተለመደ ምክንያት ሐሞት ነው። ሐሞት እንደሚያስቀምጥ ብዙ ሰው ሰምቶ አያውቅም። ጉበት ሐሞት ወደ አንጀት ይለቅቃል፤ ሐሞቱ ቅባት እንዲፈጭ ይረዳል። ሥራውን ሲጨርስ 95 በመቶ ያህሉ በቀጭኑ አንጀት ጫፍ ተመጥጦ ወደ ጉበት ይመለሳል። ያ ጫፍ ዳሌ ውስጥ የሚወርደው ነው ብዬሻለሁ። ጨረር ከጎዳው ሐሞቱ ሳይመጠጥ ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል። ትልቁ አንጀት ሐሞት ሲነካው ውኃ ያፈልቃል። ሰገራው ውኃማ፣ ወደ ቢጫና አረንጓዴ ያደላ ይሆናል፤ ከምግብ በኋላ ያጣድፋል፤ ሌሊትም ያስነሳል።

መድኃኒቱ ሐሞቱን አንጀት ውስጥ አስሮ የሚይዝ ነው። ኮሌስታይራሚን የሚባል በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄት አለ፤ በአንዱ ከረጢት 4 ግራም ይይዛል። ኮሌሰቬላም የሚባል እንክብልም አለ። በየፋርማሲው አታገኚውም፤ ብዙ ጊዜ ከውጭ ማስመጣት ይጠይቃል። ዱባይ ወይም አሜሪካ ዘመድ ካላችሁ፣ ለአውሮፕላን ትኬት ከምታዋጡ ሐኪሙ ካዘዘ በኋላ ይህን አስመጡ። ዱቄቱ ሌላ መድኃኒትንም አስሮ ይይዛል። ስለዚህ ሌላው መድኃኒት ከእሱ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት በኋላ ይወሰድ። በትንሹ ተጀምሮ እየጨመረ ይሄዳል። ሐሞት ከሆነ ምክንያቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለውጥ ይታያል። ቅባት መቀነስም ራሱን የቻለ ሕክምና ነው።

እዚህ ላይ ከእኛ ኑሮ የሚገኝ ፍንጭ ልጨምርልሽ። እናትሽ ጾም የሚጾሙ ከሆነ ሆዳቸው በጾምና በፍስክ አንድ ዓይነት ነው? ከዐቢይ ጾም ወጥተው ቅቤና ዶሮ ወጥ ሲገባ በፋሲካ ሰሞን ከባሰ፣ ሐሞትን ወይም የቅባት አለመፈጨትን ጠርጥሪ። ፍስክ ሲገባ ወተትም አብሮ ይገባልና እሱን ለይታችሁ ሞክሩት። ብዙ ኢትዮጵያዊ ትልቅ ሰው የወተት ስኳር አይፈጭለትም። እርጎ ግን ከወተቱ ይልቅ ይስማማዋል። በተቃራኒው በጾም ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው ሲበዛ ከነፋቸው ወደ ጋዝና ወደ ባክቴሪያው ያመዝናል። ይህ ምርመራን አይተካም፤ ሐኪሙ ከየት እንደሚጀምር ግን ይጠቁመዋል። የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ ለንስሐ አባታቸው ይንገሩ። ለታመመ ሰው ማቅለል በቤተ ክርስቲያኑም ያለ ነው። ውኃ ሳይጠጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት በቀን ሰባት ጊዜ ለሚቀመጥ ሰው አይሆንም።

ምግብን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ምክር የሚሰጠው ሰው በዝቷል። የምፈራው ብዙ እናቶች እየፈሩ ሁሉንም ሲተዉ ነው። ቂጣና ሻይ ብቻ እየበሉ ይከሳሉ። አንድ ነገር ለሁለት ሳምንት አቁሙ፤ ለውጥ ከሌለ መልሱትና ሌላውን ሞክሩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታቁሙ። ጥሬ ሰላጣ፣ ቆሎ፣ ሚጥሚጣ ብዙውን ሰው ያባብሱበታል። የተቀቀለ ካሮት፣ ሙዝ፣ ሩዝ፣ የአጃ አጥሚት ይስማማሉ። የጤፍ እንጀራን ለማቆም ምክንያት አይታየኝም፤ አንጀቱ ጠቦ ከተገኘ ግን ሐኪሙ ሌላ ይላል። ቡና አንጀትን ያነቃቃል። አቦሉን ጠጥተው ቶናውን ቢተዉ ምን ይላቸዋል? ፌጦ በሎሚ ግን ይቅር። የተቆጣ አንጀት ላይ ፌጦ መጨመር አይገባኝም።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን ያስቀምጣል። ማግኒዥየም ያለበት የጨጓራ ሽሮፕ ያስቀምጣል። ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶችም የሚያስቀምጡ አሉ። ማንኛውንም ግን በራሳችሁ አታቁሙ። ከደም ምርመራ የደም መጠን፣ የብረት፣ የቫይታሚን ቢ12 እና የታይሮይድ ይታይ። ቢ12 የሚመጠጠው ያው በቀጭኑ አንጀት ጫፍ ነው። ዓመታት ቆይቶ ያልቃል፤ የእግር መደንዘዝም ያመጣል። ካነሰ መርፌው ርካሽ ነው። ብረት እየዋጡ ሰገራቸው ቢጠቁር አትደንግጡ፤ ከክኒኑ ነው።

አሁን ስለ ደሙ። እባክሽ ይህን ክፍል ለአክስቶችሽም አንብቢላቸው።

ከዳሌ ጨረር በኋላ በፊንጢጣ የሚመጣ ደም ዝም ብሎ ኪንታሮት አይባልም። መታየት አለበት። በቀጭን ካሜራ ወደ ውስጥ ታይቶ የሚደማው ከየት እንደሆነ ይለያል፤ ከጨረሩ የተረፉት ስስ የደም ሥሮች ናቸው፣ ኪንታሮት ነው፣ ወይስ አዲስ እጢ? በዕድሜያቸው ትልቁ አንጀት ሙሉውን በኮሎኖስኮፒ ቢታይ እመርጣለሁ። ጨረር ራሱ ከብዙ ዓመታት በኋላ የአንጀት ካንሰር ዕድልን ትንሽ ይጨምራል።

ካሜራውን ለሚያስገባው ሐኪም ግን አስቀድማችሁ «የዳሌ ጨረር ወስደዋል» በሉት። ካርዱ ላይ ይጻፍ። ምክንያቱ ይህ ነው። ጨረር ያገኘው የፊንጢጣ አንጀት የፊት ግድግዳ ከብልት ጋር ተጣብቆ ያለ ነው። ደም በደንብ አይደርሰውም፤ ከተነካ አይሽርም። እጢ ሳይጠረጠር ከዚያ ላይ ናሙና ቢቆረጥ የማይድን ቁስል፣ ከዚያም ፊስቱላ ሊመጣ ይችላል፤ ሰገራ በብልት በኩል ይወጣል ማለት ነው። ኪንታሮት መቁረጥም፣ በላስቲክ ማሰርም ያው አደጋ አለው። «ይቆረጥ» ያሏችሁ ቦታ ስለ ጨረሩ ያውቁ ነበር? ካላወቁ አትመለሱ። ኪንታሮት በባህል መድኃኒት እናወጣለን የሚሉ የሚያቃጥል ነገር የሚቀቡ አሉ፤ እዚያ ጨርሶ እንዳይወስዷቸው። ፈርቼ አይደለም እንዲህ አጠንክሬ የምጽፈው። በጨረር የተጎዳ ሥጋ ላይ የተሠራ ስህተትን ማረም በጣም ከባድ ስለሆነ ነው።

ደሙ ከእነዚያ ስስ የደም ሥሮች ከሆነና ትንሽ ከሆነ፣ የደም ማነስ ካላስከተለ፣ ምንም ላያስፈልገው ይችላል። የብዙ ሰው ደም በጊዜ ብዛት እየቀነሰ ይሄዳል። አስፒሪን ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ለልብ ሐኪማቸው ይነገር። ኑሮን የሚያውክ ወይም ደም የሚያሳንስ ከሆነ መጀመሪያ የምመርጠው ሱክራልፌት ነው። ለጨጓራ ቁስለት የሚሰጠው ያው መድኃኒት ነው፤ እዚህ ግን በፊንጢጣ ይገባል። 2 ግራም በ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ውኃ ተበጥብጦ በቀን ሁለት ጊዜ በለስላሳ ቱቦ ይሰጣል። ከዚያ በጀርባ፣ በጎን፣ በሆድ እየተገላበጡ መድኃኒቱ ግድግዳውን እንዲሸፍን ይደረጋል። እስከተቻለ ድረስ ይያዛል። ሕንድ አገር እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ ንጽጽር በስቴሮይድ ከመታከም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ርካሽ ነው፤ ቤት ውስጥ ይሠራል። ግን መጀመሪያ ነርስ አሳይታችሁ ነው እንጂ በራሳችሁ ቱቦ አታስገቡ። ለውጡም ሳምንታት ይፈልጋል፤ በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» አይባልም።

ይህ ካልበቃ በካሜራ ውስጥ ሆኖ በአርጎን ጋዝ ደም ሥሮቹን መተኮስ አለ፤ አንጀቱ በደንብ ካልታጠበ በውስጡ ያለው ጋዝ ሊፈነዳ ስለሚችል ዝግጅቱ እንደ ኮሎኖስኮፒ ነው። በ4 በመቶ ፎርማሊን መንካትም አለ። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ደም ያቆማል። ሁለቱም ግን ቁስል ሊተዉ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ የሠራው ሰው ይሥራው፤ ደሙን ለማቆም ብቻ እንጂ ለተቅማጡ ብሎ ማንም አይሥራው። የሆድ ቀዶ ሕክምና የመጨረሻው ነው። በጨረር የተጎዳ አንጀት ተቆርጦ ሲገጠም መገጣጠሚያው ሊያፈስ ይችላል።

ቤተ ክርስቲያን መሄድ የተዉት በማጣደፉና በማምለጡ ነው። ለዚህ ምክንያቱ እስኪገኝ መጠበቅ የለባችሁም። ኢንፌክሽን እንደሌለና አንጀቱ እንዳልተዘጋ ሐኪሙ ካረጋገጠ፣ ሎፔራማይድ ይረዳል። ኢሞዲየም የሚሉት ነው። ሰው የሚሳሳተው ካስቀመጠው በኋላ ሲወስደው ነው። ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ይወሰድ። 2 ሚሊ ግራም ከቁርስ በፊት ጀምሮ ማየት ነው። እሁድ ቅዳሴ ካለ ከቤት ከመውጣታቸው በፊት አንድ ይጨምሩ። በቀን ከ16 ሚሊ ግራም አይለፍ። እናትሽ እዚያ መድረስ የለባቸውም፤ ከደረሱ ምክንያቱ አልታከመም ማለት ነው።

ሌላው የመቀመጫ ጡንቻ ነው። ጋዝ እንዳያመልጥ እንደምንይዘው ጨምቆ እስከ አሥር መቁጠር፣ መልቀቅ፣ መድገም። በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለወራት። ቀልድ ይመስላል፤ በርትቶ የሠራ ሰው ግን ለውጥ ያያል። ሽንት ቤት ሲቀመጡ እግራቸውን ዝቅተኛ ዱካ ላይ ያድርጉ። ብዙ አይማጡ። ቆዳቸው ከተላጠ በውኃ ብቻ ይታጠቡ፣ ይድረቅ፣ ቫዝሊን ወይም ዚንክ ያለበት ቅባት ይቀቡ። ሳሙናና ዴቶል ይቅር። መለዋወጫ ልብስና ፓድ በቦርሳቸው ይኑር፤ መኖሩ ራሱ ፍርሃቱን ይቀንሰዋል። የሚያጨስ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ውጭ ያጭስ።

ወደ ዱባይ ልምጣ። ሕክምናው እውነት ነው፤ ሃይፐርባሪክ ኦክስጅን ይባላል። ታማሚው ከፍ ያለ ግፊት ባለበት ክፍል ውስጥ ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳል። ሐሳቡ የተዘጋ የደም ሥር ላይ አዲስ እንዲበቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ 120 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ጥቅም አሳየ። በ2016 ደግሞ እንግሊዞች በ84 ሰዎች ላይ በጥንቃቄ ሞከሩት። ከሦስቱ ሁለቱ እውነተኛውን ሕክምና፣ አንዱ የማስመሰያውን አገኘ። 40 ጊዜ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በየጊዜው 90 ደቂቃ። ስምንት ሳምንት ማለት ነው። በመጨረሻ ሁለቱ ቡድኖች አልተለያዩም። ስለዚህ እኔ ብሆን ሐሞቱ፣ ባክቴሪያው፣ ወተቱ፣ ኦሜፕራዞሉ ሳይታይ ቤተሰብ ገንዘብ አያዋጣም። ስምንት ሳምንት ሆቴል፣ ምግብ፣ ቪዛ አስቢ። ሁሉ ተሞክሮ ደሙ አልቆም ካለ ያኔ እንነጋገርበት።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ ይዛችሁ የምትሄዱት አንድ ወረቀት ነው። ጨረሩ መቼ እንደተጀመረና እንዳለቀ፣ ከውጭ ስንት ጊዜ፣ ከውስጥ ስንት ጊዜ፣ ከተጻፈ መጠኑ። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ማዕከል ጥቁር አንበሳ ስለነበር የብዙ እናቶች ካርድ እዚያ ነው ያለው። የእናትሽ የት እንዳለ ለዩና ማጠቃለያውን አስጽፉ። ከዚያ የሁለት ሳምንት ምዝገባ፦ ቀን፣ ስንት ጊዜ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ፣ ደም፣ የበሉት። አሳጥረሽ ጻፊ፤ ረጅም ታሪክ ማንም አያነብም። ሐኪሙ ጊዜ ካጣ ሦስቱን ብቻ ንገሪው፦ ሌሊት እየተነሱ ነው ወይም ያመልጣቸዋል፤ ደም አለ፤ ከሰው መገናኘት ትተዋል። እንግሊዝ አገር ከጨረር በኋላ ማን በጥልቀት መመርመር እንዳለበት የሚለዩት በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ነው። እናትሽ ሦስቱም አሏቸው።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ነገሮች አሉ። ሆዳቸውን ቁርጠት ይዟቸው ካስታወካቸው፣ ጋዝም ሰገራም ከቆመ አንጀት ሊዘጋ ይችላል፤ ሎፔራማይድ ወዲያው ይቁም። ሰገራ ወይም ጋዝ በብልት ከወጣ። ደሙ የረጋ እየሆነ በብዛት ከፈሰሰ፣ ሲነሱ ካዞራቸው። ትኩሳት ከጨመረ። እግር አንዱ ብቻ ካበጠ፣ ወገብ ወይም ጎን የማይለቅ ሕመም ከያዘው፣ ያለምክንያት ከከሱ ደግሞ በዚያው ሳምንት የካንሰር ሐኪማቸው ጋ ይቅረቡ። ለቀሩት ግን በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው፤ በር ላይ የመጀመሪያው ቃላችሁ «የዳሌ ጨረር ወስደዋል» ይሁን።